ቀድተነው ያላየነው

አማርኛችን «መቅዳት» በሚለው ቃል ላይ የጫነው የሥራ ብዛት ይገርመኛል። ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ጠላ ከጋን ይቀዳል፤ ሰነፍ ተማሪ ከጎኑ ከተቀመጠው ጎበዝ መልስ ይቀዳል፤ ድምፅ በካሴት፣ ሠርግ በቪዲዮ ይቀዳል። በሁሉም ውስጥ ግን ያልተጻፈ አንድ ስምምነት አለ። የቀዳ ሰው የቀዳው ነገር የራሱ ነው። እንስራዋን ሞልታ የተመለሰች ሴት፣ መንገድ ላይ እንቅፋት መትቷት ካልሰበረችው በቀር፣ ውሃው ውሃዋ ነው። የምንጩ ባለቤት ማታ በሯን አንኳኩቶ «የወር ክፍያሽ ስላለቀ እንስራው ውስጥ ያለው ውሃ ከአሁን በኋላ አይጠጣም» አይላትም። ቢላትም ከት ብላ ትስቅበታለች፤ ጠበል የሚያስፈልገው ሰው መሆኑንም ትጠረጥራለች።

ካሴት በነበረበት ዘመን ይህ ስምምነት አልፈረሰም። ወደ ዓረብ አገር የሄዱ እህቶቻችን ደብዳቤ መጻፍ ሲታክታቸው ድምፃቸውን በካሴት እየቀዱ ይልኩ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ቤተሰቡ ቡና አፍልቶ፣ ጎረቤት ጠርቶ፣ ቴፑን መሐል አስቀምጦ ያዳምጣል። ካሴቱ «እማዬ እንዴት ነሽ» ሲል እማዬ «ደህና ነኝ ልጄ» እያለች ለቴፑ ትመልሳለች። ክሩ ሲጠላለፍ በቢክ እስክሪብቶ ይጠነጠናል። ሲበጠስ በፕላስተር ይቀጠላል፤ ቢጎድል ሁለት ቃል ቢጎድል ነው። የመጠገኑ ጥበብ የሰፈሩ ሁሉ ነበር።

የዛሬዎቹ መቅጃዎች ሌላ ጠባይ ይዘው መጡ። ከታቦር ተራራ ላይ ሆናችሁ ሐዋሳን ቁልቁል ብታዩ፣ ከሐይቁ ቀጥሎ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው በየቆርቆሮው ላይ አንጋጦ የተቀመጠው ዲሽ ነው። ከዲሹ ሥር ሪሲቨር አለ፤ ባለ ካርዱን ዲኮደር እንለዋለን። አንዳንዱ ዲኮደር በሆዱ ሃርድ ዲስክ ይዟል፤ ሪሞቱ ላይ አንዲት ቀይ ነገር ስትጫኑ ኳሱንም ድራማውንም ይቀዳል። ዝርዝሩ ውስጥ የፕሮግራሙ ስም፣ ቀኑ፣ ርዝመቱ ሁሉ በሥርዓት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከዚያ አንድ ቀን ልታዩት ስትከፍቱት ስክሪኑ ይጠቁርና «ይህን ለማየት ፈቃድ የለዎትም» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ይመጣል። ወይ ካርዱ ጊዜው አልፎበታል፤ ወይ ዲኮደሩ ተቀይሯል፤ ወይ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዲኮደሩን አቃጥሎት ዲስኩ ብቻ ተርፏል። ቅጂው ግን አለ። አንዲት ነጥብ አልጎደለችውም። አለ፣ ግን አይታይም።

ብዙ ጊዜ ጉዳቱ አንድ የኳስ ጨዋታ ነው፤ ሰው ተሳድቦ ይተወዋል። እኔ የምነግራችሁ ግን ተሳድቦ የማይተወውን ዓይነት ነው።

እኛ ሰፈር አንዲት እናት አሉ። ትውልዳቸው ሆሳዕና ነው፤ ሐዋሳ ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ስማቸውን አልጽፍም፤ እማማ እላቸዋለሁ። የመጀመሪያ ልጃቸው እንደ ብዙዎቹ የሆሳዕናና የአካባቢው ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። የሄደው በአውሮፕላን አይደለም፤ በሞያሌ አድርጎ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን እያቋረጠ፣ ጥቂቱን በመኪና ብዙውን በእግዜር ቸርነት ነው። ጆሃንስበርግ ደርሶ እንደ ደንቡ «ጄፒ» ከሚሉት የሐበሻ ገበያ ዕቃ እያነሳ፣ «ሎኬሽን» በሚሏቸው የድሃ መንደሮች ውስጥ በር ለበር ብርድ ልብስና አንሶላ በዱቤ ሸጠ። በኋላም ትንሽ ሱቅ ከፈተ።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ምን ኳስ የሚወድ ሁሉ ያስታውሳታል። ኢትዮጵያ ለ31 ዓመት ከራቀችው የአፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ፣ ኔልስፕሩት በሚገኘው ምቦምቤላ ስታዲየም የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን የገጠመችበት ቀን ነው። ሳላዲን ሰይድ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ከዕረፍት በፊት ዛምቢያ አገባች። እንግዲህ አበቃልን ስንል፣ በ65ኛው ደቂቃ፣ በአሥር ሰው እየተጫወትን፣ የሐዋሳው ልጅ አዳነ ግርማ አገባና አንድ ለአንድ ሆንን። ያን ጊዜ ከዚህ ከተማ የወጣውን ጩኸት የሐይቁ ጉማሬዎች ሳይቀሩ ሰምተውታል። ከዚያ በኋላ በቡርኪናፋሶ አራት ለዜሮ፣ በናይጄሪያ ሁለት ለዜሮ ተሸንፈን መመለሳችንን ዛሬ ማንሳት አያስፈልግም።

ስታዲየሙን ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ያለበሱት ከየከተማው የተሰበሰቡ የሐበሻ ልጆች ነበሩ። የእማማ ልጅም ሱቁን ዘግቶ ከጆሃንስበርግ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሄዷል። እዚያ ሁለት ነገር ገጠመው። ጨዋታው ሳይጀመር የአገሩ ጣቢያ ጋዜጠኛ ከስታዲየሙ ውጭ ማይክ ይዞ ሲዞር እሱን አስቆመና አነጋገረው፤ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ግቡ ሲገባ ደግሞ ካሜራው ተመልካቹን ሲቃኝ እሱ ላይ ጥቂት ቆየ። ጆሃንስበርግ የቀረው የቤት ተጋሪው ይህን ሁሉ፣ ከቅድመ ጨዋታው ወሬ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ፊሽካ፣ በሚከፈልበት ቻናል ዲኮደሩ ቀድቶታል።

እማማ የዚያን ምሽት ኳስ አላዩም። ኳስ አይተውም አያውቁም። ማታ ልጃቸው ደወለ።

«እማዬ፣ አየሽኝ?»

«የት ልጄ?»

«በቴሌቪዥን ነዋ!»

«ኧረ አላየሁህም።»

«ግድ የለም፤ ተቀድቷል። እልክልሻለሁ።»

ይህችን ንግግር እማማ ቡና በተፈላ ቁጥር ስለሚደግሟት እኔም በቃሌ ይዣታለሁ። ልጁ ሳይልክ ሁለት ዓመት አለፈ። ሰው ምን ያስቸኩለዋል? በ2007 ዓ.ም. ሱቁ ውስጥ እንዳለ ዘራፊዎች ገደሉት። አስከሬኑ መጥቶ እዚሁ ሐዋሳ ተቀበረ። ደቡብ አፍሪካ ከሄዱ ልጆች ስንቱ በሣጥን እንደተመለሰ የሆሳዕናን ሰው ጠይቁ፤ እኔ ቁጥሩን ከምነግራችሁ የእናቶቹን ጥቁር ልብስ ብታዩ ይሻላል።

በዓመቱ የቤት ተጋሪው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሻንጣው ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለ ሃርድ ዲስክ ነበር። በመሐሉ ዲኮደሩን በሌላ ቀይሮ ኖሮ፣ አሮጌውን ሳይጥል ፈትቶ ዲስኩን አውጥቶ አስቀምጧል። ብልህ ልጅ ነው። «እማማ፣ እዚህ ውስጥ አለ» ብሎ ሰጣቸው። ውሸት አልተናገረም። እዚያ ውስጥ አለ።

እማማ ዲስኩን ይዘው ወደ እኔ የመጡት መነጽር ስለማደርግ ይመስለኛል። አብረን ፒያሳ አንድ ዲሽ ሠሪ ልጅ ጋ ሄድን። «ማዘር፣ ችግር የለም፣ አምስት ደቂቃ» አለና ዲስኩን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘው። ኮምፒዩተሩ ወዲያው ጥያቄ አወጣ፦ ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ላድርገው? የልጁ ጣት ወደ «እሺ» ስትሄድ ክንዱን ያዝኩት። አንባቢዬ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላ ምንም ባትይዙ ይህን ያዙ። የብዙ ዲኮደሮች ዲስክ የተሰናዳው እኛ በየቤቱ ያለን ዊንዶውስ በማያውቀው አሠራር ነው። ዊንዶውስ ያላወቀውን ዲስክ ባዶ ነው ብሎ ያስባል፤ «ላጥፋው?» ብሎ በትህትና ይጠይቃል። «እሺ» ያለ ሰው ቢያንስ መውጫውን ያከብደዋል፤ ሲብስም ያለውን ሁሉ በገዛ ጣቱ ያጠፋዋል።

ቀጥሎ የደረስንለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሊኑክስ የሚሉትን ሥርዓት የሚጠቀም፣ ብዙ የማይናገር ልጅ ነው። ዲስኩን ከፈተው። ፋይሎቹ ተደርድረው ታዩ። አንዱ በዚያ ቀንና ሰዓት የተቀዳ፣ አራት ጊጋባይት ግድም። እማማ «ይኸው!» አሉ። ልጁ ፋይሉን አጫወተው። መጀመሪያ ጥቁር። ከዚያ አረንጓዴና ሐምራዊ አራት ማዕዘኖች እንደተበተነ ዶቃ ስክሪኑ ላይ ፈሰሱ። ድምፁ ጥዝዝ የሚል ነገር ነው። እማማ ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩ። «የቱ ጋ ነው ያለው?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነበረብኝ፤ እኔም የቀጣዮቹን ሳምንታት ምሽቶች በዚሁ አሳለፍኩ።

ከሳተላይት የሚወርደው የሚከፈልበት ቻናል ገና ከሰማይ ሲነሳ የተቆለፈ ነው። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት የቁልፍ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1994 የአውሮፓ ዲጂታል ቴሌቪዥን ማኅበርተኞች የተስማሙበት ነው። ቁልፉ አንድ ቢሆን ኖሮ አንዱ ፈትቶ ለአገር ያድለው ነበር። ስለዚህ ቁልፉ በየአሥር ሰኮንዱ ገደማ ይቀየራል። የሁለት ሰዓት ኳስ ሰባት መቶ ሃያ ቁልፍ አለው ማለት ነው። ዲኮደራችን ውስጥ ያለችው ስማርት ካርድ ሥራዋ እነዚህን ቁልፎች አንድ በአንድ ከምስጢር መልእክት ውስጥ እያወጣች ለዲኮደሩ ማቀበል ነው፤ ታቀብላለች፣ ትረሳለች። የምታቀብለው ደግሞ ክፍያው ለተከፈለ ካርድ ብቻ ነው። አንዳንድ ዲኮደር ሲቀዳ እንደተቆለፈ ይቀዳና ካርዷን የሚጠይቀው ስናይ ነው። ሌላው ቁልፉን ፈትቶ ዲስኩ ላይ ሲያሳርፈው በራሱ ቁልፍ እንደገና ይቆልፈዋል። ይህ ሁለተኛው ቁልፍ ዲኮደሩ ውስጥ ሲፈበረክ የተቀበረ ነው፤ የእያንዳንዱ ዲኮደር ለየብቻ ነው፤ ባለቤቱም፣ ዲሽ ሠሪውም አያዩትም። ጎን ለጎን ተገዝተው የመጡ፣ መልካቸው መንታ የሆነ ሁለት ዲኮደሮች እንኳ አንዱ የሌላውን ቅጂ አይከፍትም።

የእማማ ዲስክ ሁለተኛው ዓይነት ነበር። ጓደኛውን ደውለን አሮጌው ዲኮደር የት እንዳለ ጠየቅነው። እዚያም አገር ቁራሌው አለ። ሰጥቶታል።

ተማሪው እንደነገረኝ ዲኮደሮች ለዲስካቸው የሚጠቀሙበት የተለመደ ቁልፍ 128 ቢት ርዝመት አለው። ያሉትን ቁልፎች በሙሉ ቁጠር ብትባሉ የምትጽፉት ቁጥር 39 አሃዝ አለው። በዓለም ላይ ያለ ኮምፒዩተር ሁሉ ተሰብስቦ ሌሊትና ቀን ቢሞክር የእኛ የልጅ ልጆች ዕድሜ አይበቃም። ይህን ለእማማ በምን ቋንቋ ልንገራቸው? «እማማ፣ ቤቱ አለ፣ ልጁም ቤት ውስጥ አለ፣ ቁልፉ ግን ከዓለም ላይ ጠፋ» አልኳቸው። «ታዲያ በሩ ይሰበራ!» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ የእንጨት በር ቢሆን ይሰበር ነበር።

በመሐሉ በር እንሰብራለን የሚሉ አልጠፉም። «ማንኛውንም የተቆለፈ ቅጂ እንከፍታለን» ብሎ በስልክ ሺህ አምስት መቶ ብር ቀብድ የጠየቀ ሰው ነበር፤ ዲስኩን ሳያይ። በሐዘን የተጎዳ ሰው ኪስ ሁልጊዜ ክፍት መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። እማማ ሊከፍሉ ነበር። ከለከልኳቸው፤ ለሁለት ቀን አኮረፉኝ።

እዚህ ላይ ለቆላፊዎቹም ፍርድ እንስጥ። የአፍሪካ ዋንጫም ሆነ የእንግሊዝ ሊግ የማሳያ መብቱ ለየአገሩ ለየብቻው በብዙ ገንዘብ ይሸጣል። ገዥው ባይቆልፍ የከፈለና ያልከፈለ እኩል ይሆናል፤ ሌላ ጊዜም አይገዛም። ይገባኛል። በሌላ በኩል አሜሪካኖች በዚሁ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቆመው ያውቃሉ። የፊልም ኩባንያዎች ሶኒን ቤታማክስ በሚባለው የቪዲዮ መቅጃው ከሰሱት፤ ነገሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1984 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ሰው ቤቱ ውስጥ በሌላ ሰዓት ለማየት ቢቀዳ ጥፋት የለበትም ተብሎ ተወሰነ። የእኛም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ አንድ ሰው ታትሞ የወጣን ሥራ ለራሱ መጠቀሚያ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም የሚል አንቀጽ አለው። ሕጉ ለሰውየው ጥቂት በር ትቶለታል። ዕቃው ግን ሕግ አላነበበም። የተሠራው አንድ ነገር እንዲጠይቅ ብቻ ነው፦ ካርዱ ተከፍሎበታል ወይ? ዲኮደሩ ያው ነው ወይ? ቅጂውን ቸርቻሪ ይፈልገው፣ እናት ትፈልገው፣ የሚለይበት ዓይን የለውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ጠባይ ከዲኮደር አልፎ ቤታችን ውስጥ መስፋፋቱ ነው። ዛሬ በስልካችን «አውርደን» የምናስቀምጠው ዘፈንና ፊልም ብዙው እንደዚሁ ነው፤ የወር ክፍያው ሲያበቃ አብሮ ይበናል። «አለኝ» እንላለን፤ ያለን ኪራይ ነው። (የሟች ስልክ ኮዱ ጠፍቶ ፎቶው ሁሉ ውስጡ የቀረባቸው ቤተሰቦችን ጉዳይ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ፤ እሱም የባሰ አለ።)

እንግዲህ ዲኮደሩና ካርዱ በእጃችሁ ላለ፣ ነገሩ መላ አለው። አገልግሎቱ ተቋርጦ ቅጂው እምቢ ካላችሁ መጀመሪያ የመቅጃውን አገልግሎት የሚጨምረውን ክፍያ አድሱ፤ ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ዲስኩን አትፍቱ፤ ዲኮደር፣ ካርድና ዲስክ እንደ ባል፣ ሚስትና ልጅ ናቸው፣ ሲለያዩ ቤቱ ይፈርሳል። ሲከፈትም አይታችሁ አትዝጉት፤ ማቆየት የምትፈልጉት የራሳችሁ የቤተሰብ ነገር ካለበት፣ ዲኮደሩ በሚፈቅደው መጠን፣ በቢጫ፣ ቀይና ነጩ አሮጌ ገመድ ወደ ሌላ መቅጃ አውጡት። ጥራቱ ይቀንሳል። ይቀንስ። ዲኮደሩ ሊለወጥ ሲል ሳይሆን ገና ደህና እያለ። ከክፍት ቻናሎች ለምትቀዱ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለባችሁም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙዎቹ የአገራችን ቻናሎች የገቡበት፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ላይ ያለው ኢትዮሳት ነፃ ነው፤ በፍላሽ የቀዳችሁት አብዛኛውን ጊዜ የትም ኮምፒዩተር ላይ ይከፈታል።

ለእማማ ግን ይህ ምክር ሦስት ዓመት ዘግይቶ ደረሰ። መውጫውን ያሳየኝ ሌላ ታሪክ ነው። አሜሪካኖች ሰው ጨረቃን ሲረግጥ የቀዱበትን ዋናውን ቴፕ መፈለግ ጀምረው ነበር። ብዙ ከፈለጉ በኋላ ናሳ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ቴፖቹ ተደምስሰው ሌላ ነገር ሳይቀዳባቸው እንዳልቀረ አመነ። በዓለም ላይ ካሉ ቅጂዎች ሁሉ ውዱን፣ ለቴፕ እጥረት ብለው! የጎደለውን ምስል አድሰው ያወጡት ታዲያ ከየት ነው? የዚያን ሌሊት ስርጭቱን ከቀዱ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች መዝገብ ነው። ቢቢሲም እንዲሁ የስድሳዎቹን ተከታታይ ድራማዎቹን ደምስሶ ነበር፤ «ዶክተር ሁ» ከሚባለው ውስጥ ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች የተገኙት ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ አንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ተነገረ። ይህን ሳነብ ጥያቄው ተገለበጠልኝ። ይህን ዲስክ ማን ይከፍትልናል ማለት ትቼ፣ የዚያን ምሽት ሌላ ማን ቀድቶ ነበር ማለት ጀመርኩ።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ ካሜራዎቹ አንድ ቦታ ይቀርጹታል፤ ያው ምስል ለሁሉም አገር ጣቢያ ይታደላል። ጆሃንስበርግ የታየው የተመልካች ፊት ሐዋሳም ታይቷል። ኢቲቪ ደግሞ ጨዋታውን አሳይቶታል፤ ያለ ካርድ፣ ያለ ቁልፍ።

ሰፈር ለሰፈር ጠየቅን። ቡና ቤት፣ ኳስ ማሳያ አዳራሽ፣ ቪዲዮ ማከራያ የነበሩ ሱቆች። ሰው ሁሉ አይቶታል፤ የቀዳ የለም። መጨረሻ ላይ መናኸሪያ አካባቢ ሠርግ የሚቀርጽ አንድ ልጅ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ላይ የቴሌቪዥን ካርድ ገጥሞ ነበር፤ የዋልያዎቹን ጎሎች ለሙሽሮች ቪዲዮ ማሟሻ ሊያደርጋቸው ብሎ ጨዋታውን ቀድቶታል። (ጎልና ሙሽራ ምን እንደሚያገናኛቸው አልጠየቅሁትም።) ከሙሽራና ሚዜ ፋይሎች ሥር ቆፍሮ አወጣው። ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ጥግ ላይ የኢቲቪ ምልክት አለ፤ ሲነኩት ግን ተከፈተ።

እማማን ጠርተን ከኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጥናቸው። ልጁ ፋይሉን ወደ 65ኛው ደቂቃ ወሰደው። አዳነ አገባ። ኮሜንታተሩ ጮኸ። ካሜራው ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ ባንዲራ፣ ባንዲራ፣ ከዚያ አንድ አፉን የከፈተ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ የጫነ ወጣት። አራት ሰኮንድ።

ማናችንም አልተናገርንም። እማማ እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው ሳይነኩት መለሱት።

«ከስቷል» አሉ።

ልጁ ወደ ኋላ መለሰው። እንደገና። እንደገና። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ደንበኞች መጥተው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ሠርግ ቀራጩ በእጁ ምልክት ሰጥቶ መለሳቸው። ክፍያ ጠየቅነው፤ አልቀበልም አለ። ፋይሉን በሦስት ፍላሽ ላይ ገለበጠው። አንዱ እማማ ጋ፣ አንዱ ሆሳዕና እህታቸው ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ ነው።

ይህ ምስሉ ነው። ድምፁ አልተገኘም። ከስታዲየሙ ውጭ ጋዜጠኛው ያነጋገረው የደቡብ አፍሪካው ጣቢያ የራሱ ዝግጅት ስለሆነ ለሌላ አገር አልተላለፈም፤ ያለው ካልሲው ውስጥ ባለችው ዲስክ ላይ ነው። እማማ ዲስኩን አልጣሉትም። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከልጁ ፓስፖርት ጎን ነው። አልፎ አልፎ ጆሃንስበርግ እየደወሉ የቤት ተጋሪውን ይጠይቁታል። «እስቲ ምን ነበር ያለው?» ልጁ ስርጭቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው፤ ያውም ምግብ እየሠራ። አንድ ቀን «ኢትዮጵያ ሁለት ለአንድ ታሸንፋለች አለ» ይላቸዋል። ሌላ ቀን ደግሞ «በአማርኛ እናቴን ሰላም በሉልኝ ብሏል» ይላቸዋል። ባለፈው ፋሲካ ሲደውሉለት፣ «እማማ፣ ሁለቱንም ብሏል መሰለኝ» አላቸው።